ካሜራም እንደ ፈረስ ነው፤ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሙሽራ አይጋልብም። ቆም በል ስትሉት ይቆማል። ቀለበቱን እንደገና አጥልቅላት ስትሉት እየሳቀ እንደገና ያጠልቃል። ይሄን ልማድ ይዤ ነው አንድ ጥር 23 ቀን ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከባሕር ዳር እንጅባራ የሄድኩት።

ቀኑ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓሉ የዓድዋ ጀግኖችና የፈረሶቻቸው ውለታ የሚነሳበት ነው። ሜዳው በተሸለመ ፈረስ ይሞላል። ነጭ የለበሰ ጋላቢ፣ ጋሻ፣ ዘንግ፣ እልልታ። ፎቶ አንሺ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ካሜራዬ የሚያሳፍር አልነበረም። ሌንሱንም ከጓደኛዬ ተውሼ ጥሩውን ነው የያዝኩት። ቀኑን ሙሉ ሜዳው ዳር ላይ እየተሯሯጥኩ ተኮስኩ። ማታ ላፕቶፕ ላይ ገልብጬ ሳየው አብዛኛው የፈረስ ቂጥ ነው። ይቅርታ፣ ሌላ ስም ባወጣለት ደስ ይለኝ ነበር። ጭራ፣ አቧራ፣ የጋቢ ጫፍ፣ ግማሽ ጋሻ።

ነገሩ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። ከሰዓት ላይ፣ ሜዳው ዳር ብትራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አዛውንት ስሮጥ ሲያዩኝ ቆይተው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ፈረሱን ለምን ታባርረዋለህ?»

«ፎቶ ላነሳው ነው አባቴ።»

«እሱ እኮ ወዳንተ ይመጣል። እዚያ ጋ ቁም። ሁሉም እዚያ ጋ ነው የሚታጠፈው፤ መሬቱ ዘቅዘቅ ይላል።»

አመሰገንኳቸውና ሩጫዬን ቀጠልኩ። እሳቸው ስለ ካሜራ ምን ያውቃሉ ብዬ ነው። የዛሬው ጽሑፍ እሳቸው ያወቁትን እኔ ዘግይቼ የገባኝን ነገር ነው የሚያብራራው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በ1 ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ማለት ነው። ሰው ደግሞ አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪጫን ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ይሄ የሁላችንም ተፈጥሮ ነው፤ ልምምድ ብዙም አያሳጥረውም። በዚያች ቅጽበት ፈረሱ 3 ሜትር ገደማ ሄዷል። 3 ሜትር ከአንድ ፈረስ ርዝመት ይበልጣል። ስለዚህ ከጎን ቆማችሁ የፈረሱን ፊት አይታችሁ ስትጫኑ፣ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ጭራው ነው። የእኔ 800 ምናምን ፎቶ ምስጢሩ ይሄው ነበር።

«ታዲያ ደጋግሞ የሚተኩስ ካሜራ መግዛት ነዋ!» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ብዙ ይመስላል። ግን በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ያ ፈረስ 1.4 ሜትር ያልፋል። ዘንጉ ጋሻውን የነካባት ቅጽበት በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ሾልካ ልትሄድ ትችላለች። ኳስ ላይማ የባሰ ነው። የተጫዋች እግርና ኳሱ የሚነካኩት ለሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። በየአሥረኛ ሰከንዱ የሚተኩስ ካሜራ ያቺን ቅጽበት የሚያገኘው ከ10 አንዴ ቢቀናው ነው።

በእርግጥ ከዚህም የሚፈጥኑ አሉ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተዋወቀው ኤ9 ማርክ 3 በሰከንድ እስከ 120 ፎቶ ያነሳል። ጉድ ነው። ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ከቆማችሁ፣ በሰከንድ 120 ቂጥ ነው የምታገኙት።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ካሜራም እንደዚያው ነው። ቅጽበቷ ድረስ ያደርሳችኋል። መቼና የት እንደምትመጣ ግን ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ያ እውቀት ደግሞ ከካሜራ መመሪያ መጽሐፍ አይገኝም። ከጨዋታው ነው።

ከፈረሱ ልጀምር። ጉግስ ላይ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው በጋሻ ይመክታል። ጨዋታውን የማያውቅ ፎቶ አንሺ ዓይኑ የሚተከለው አሳዳጁ ላይ ነው፤ ክንዱን ሲያነሳ ያምራላ። ጨዋታውን የሚያውቅ ግን ሸሺውን ይጠብቃል። ምክንያቱም ሸሺው ለመመከት ወደኋላ ዞር ማለት አለበት። ዞር ሲል ጋሻው ከፍ ይላል፣ ወገቡ ይጠመዘዛል፣ ፊቱ ላይ ፍርሃትና ሳቅ ይቀላቀላል። ከፊት ለፊታቸው ትንሽ ወደ ጎን ገለል ብሎ የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ያገኛል፤ ከፊት ጋሻ፣ ከኋላ ዘንግ። ከጎን የቆመ ሁለት ፈረስ ያገኛል። ከኋላ የቆመ ምን እንደሚያገኝ ነግሬያችኋለሁ።

ፈረስም ራሱ ይናገራል። ሊታጠፍ ሲል አስቀድሞ አንገቱን ይሰብራል፤ ጋላቢውም ዛቡን ሳብ አድርጎ ወደሚታጠፍበት ያዘነብላል። ጆሮውን ወደኋላ ከለጠፈ ተቆጥቷል ወይም ፈርቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ፈረስ ራቅ ብላችሁ አንሱት። ደግሞ ኮቴውን ስሙ። ሽምጥ ግልቢያ አራት ምት አለው፤ ከአራቱ ምት በኋላ አንዲት ዝምታ አለች። ያቺ ዝምታ ፈረሱ ሙሉ በሙሉ አየር ላይ ያለባት ናት።

ስለዚህች ዝምታ ዓለም ለረጅም ጊዜ ተሳስቶ ነበር። ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደኋላ ዘርግቶ ሲንሳፈፍ ነበር የሚያሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚባል ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎችን በመደዳ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሳ። አራቱም እግር ከመሬት የሚነሳው ሆዱ ሥር ሲሰበሰብ እንጂ ሲዘረጋ እንዳልሆነ ታየ። ዛሬ ይሄን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ የትኛዋን ቅጽበት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይወስናል። የተሰበሰበውን እግር ከፈለገ በዝምታዋ፣ የተዘረጋውን የፊት እግር ከፈለገ ኮቴው መሬት ሊመታ ሲል።

ኳስ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችንም አሰልጣኝ ነን። ግን ኳስ ማየትና ኳስ ማንሳት ይለያያሉ። ስናይ ዓይናችን ኳሷን ይከተላል። ፎቶ አንሺ ግን ኳሷ የምትሄድበትን ሰው ነው መከተል ያለበት። ቅጣት ምት መቺው ከመምታቱ በፊት የማይመታበትን እግሩን ኳሱ ጎን ይተክላል፤ ጣታችሁ መጫን ያለበት እግሩ ሲተከል ነው፣ ሲመታ አይደለም። የማዕዘን ምት ሲሆን መቺውን ተዉት፤ ጎሉ አፍ ላይ ያሉትን ፊቶች ያዙ። ጎል ሲገባ ደግሞ ቦታ ይወስናል። ባሕር ዳር ላይ የከተማው ክለብ የጣና ሞገዶቹ ሲያገቡ አግቢው ወደ ደጋፊው መሮጡ አይቀርም። ደጋፊው የት እንደተቀመጠ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ እዚያ አቅጣጫ ትሆናላችሁ። አብዛኛው ፎቶ አንሺ የሚረሳው ግን ሌላ ነው። ጨፋሪውን ሁሉም ያነሳል። ጎሉ ውስጥ የተቀመጠውን በረኛ የሚያነሳው ጥቂት ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው።

ገና ላይ ታህሳስ 29 ቀን ጥንጓን በሌንስ ልከተል ብላችሁ አትድከሙ። ትንሽ ናት፣ አቧራና እግር መሐል ትጠፋለች። የተጫዋቾቹን ዓይን ተከተሉ፤ ጥንጓ ያለችው ዓይናቸው ያለበት ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ቢባልም፣ ዱላው ካሜራ አይለይም። ራቅ በሉ።

የሩጫውን ምሳሌ ከሲድኒ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2000 የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27፡18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27፡18.29 ገቡ። ልዩነቱ የሰከንድ 9 መቶኛ ነው። 25 ዙር ሮጠው የለየቻቸው ጊዜ፣ በሰከንድ 10 ፎቶ በሚያነሳ ካሜራ ከአንድ ፎቶ ቀጣዩን እስኪያነሳ ካለው ክፍተት ታንሳለች። የእኛን ሯጮች የሚያውቅ ፎቶ አንሺ 24ቱን ዙር ትንፋሹን አይጨርስም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሚሞሪ ካርዱ ባዶ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ቦታው የመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል። ሌላም የሚያውቀው አለ። ሩጫ ላይ የሚቆጠረው ደረት ነው፤ እግርም ጭንቅላትም አይደለም። ለዚህ ነው ሯጭ መስመሩ ጋ ሲደርስ ደረቱን የሚወረውረው። ያ ውርወራ መስመሩ ከመነካቱ ትንሽ ቀድሞ ይጀምራል። መስመሩን የሚጠብቅ ያመልጠዋል።

ብርሃንም ከዚሁ እውቀት ይቆጠራል። ካሜራ ስለ ሰው የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ነጭ የለበሰ ፈረሰኛ ፍሬሙን ሲሞላው «በጣም በራ» ብሎ ያጨልማል። ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፣ የጋላቢው ፊት ከሰል። ስለዚህ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ወደ መደመር በኩል ትንሽ መግፋት ያስፈልጋል፤ ነጩ ሳይቃጠል ፊቱ እስኪነበብ ድረስ። ፀሐይን በተመለከተ ደግሞ፣ በጥር እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ እንኳ ወደ ደቡብ ዘመም ትላለች። ደቡብን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ሚያዝያ ላይ ይሄ ብልሃት አይሠራም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፣ ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይሆናል። ያኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ መሣሪያው። እስካሁን መሣሪያ ዋጋ የለውም ያልኩ ከመሰለ ተሳስቻለሁ። ዋጋ አለው፤ በብርም፣ በሥራም።

መጀመሪያ ሻተሩ። ሻተር ማለት ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በ1/1000 ሰከንድ ያ ፈረስ 1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ፎቶው ጥርት ይላል። በ1/125 ግን 11 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። 11 ሴንቲ ሜትር ማለት ጭንቅላቱ ጭጋግ ሆኗል ማለት ነው። ለፈጣን ስፖርት 1/1000 መነሻ ነው፤ ለጉግስ ወደ 1/2000 መውጣት አይጎዳም።

ችግሩ ሻተሩ በፈጠነ ቁጥር ብርሃን መቀነሱ ነው። የውድ ሌንስ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌንስ ላይ ኤፍ 2.8፣ ኤፍ 5.6 የሚል ቁጥር አለ፤ የሌንሱ አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፉ ይሰፋል። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ደመና ሲመጣ አስቡት። የ2.8 ባለቤት በ1/1000 መተኮሱን ይቀጥላል። የ5.6 ባለቤት ወይ ወደ 1/250 ይወርዳል፣ ወይ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ አራት እጥፍ ያሳድጋል። ወረደ ቢባል ፎቶው ይደበዝዛል፤ አሳደገ ቢባል ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። አፉ የሰፋ ሌንስ ሌላም ጥቅም አለው። ከጋላቢው ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ፣ ባጃጅና ጃንጥላ ሁሉ አለስልሶ ያጠፋዋል።

ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ኦሎምፒክ ላይ የምታዩዋቸው ግዙፍ ነጭ 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንሶች አዲሱ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ክብደታቸውም ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ሚሊ ሜትሩ ባደገ ቁጥር ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል። ለእኛ የሚያዋጣው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚስበው ኤፍ 2.8 ነው፤ ያገለገለም ቢሆን። አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ባለው ካሜራ ላይ ስትገጥሙት ደግሞ 200ው የ300ን ያህል ይስባል። ርካሹ ካሜራ የሚክስበት ብቸኛ ቦታ ይመስለኛል።

ትኩረትም ነገር ነው። ካሜራው ላይ አንዴ አነጣጥሮ የሚቆልፍና የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያስተካክል ሁለት ዓይነት ፎከስ አለ። ካኖን ላይ ሁለተኛው ሰርቮ ይባላል፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ። እኔ ያን ቀን ግማሹን ሰዓት በሰርግ ፎከስ ነበር የተኮስኩት። አንዴ ይቆልፋል፣ ፈረሱ ይመጣል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ከኋላ ያለው ሣር ነው። በጣም የሚያምር ሣር አለኝ። ሚሞሪ ካርዱም ቀርፋፋ ነበር፤ ተከታትዬ ስተኩስ ካሜራው ቆሞ መጻፍ ይጀምራል፣ ፈረሰኛው ያልፋል። ካርድ ላይ የቆጠብኳት ብር አሁንም ትቆጨኛለች።

ገንዘብ ያላችሁ መጀመሪያ ሌንስ ግዙ፣ ቀጥሎ ፈጣን ካርድ፣ በመጨረሻ ካሜራ። ካሜራ በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ ጥሩ ሌንስ ከሁለትና ሦስት ካሜራ በላይ ይኖራል። ደግሞ የትኛውን ሌንስ እንደምትገዙ የሚነግራችሁ ስፖርቱ ነው። የጎዳና ሩጫ የሚያነሳ ሰው አጠገቡ የሚያልፉትን ሯጮች ከነተመልካቹ በ35 ሚሊ ሜትር ቢያነሳ ያምርለታል። ለገና ረጅሙን ያስፈልገዋል። እውቀት ሳይኖር የተገዛ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያረጀው።

ገንዘብ የሌላችሁም አትሸበሩ። ሁለት ብልሃት አለ። አንዱ የአዛውንቱ ነው። መታጠፊያውን ምረጡ፣ መሬቱ ላይ ያለ አንድ ድንጋይ ላይ ፎከስ አድርጉና ቆልፉት፣ ፈረሱ ድንጋዩ ጋ ሊደርስ ሲል ተጫኑ። ዘገምተኛው ፎከስ ነገሩ አይመለከተውም። እዚያ ፈረሱ ፍጥነቱንም ስለሚቀንስ ሌንሱም ይቀለዋል። ሆኖም መታጠፊያው ላይ ፈረስ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በዚያ በኩል አትቁሙ፣ የተመልካቹንም መስመር አትለፉ።

ሁለተኛው ደብዛዛነቱን ሆን ብሎ መጠቀም ነው። ሻተሩን ወደ 1/60 ወይም 1/40 አውርዱ፣ ፈረሱን በካሜራ እየተከተላችሁ ወገባችሁን አዙሩ፣ እያዞራችሁ ተጫኑ። ፈረሱ ይታያል፣ ጀርባው ሁሉ መስመር ሆኖ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ዩሴን ቦልት እየሮጠ ዞር ብሎ የሚስቅባት ታዋቂ ፎቶ በዚህ መንገድ ነው የተነሳችው። ያነሳት ካሜሮን ስፔንሰር በ1/40 ሰከንድ ነው የተኮሰው። በዚያ ሻተር ቀላሉ ካሜራም ብርሃን አይጎድለውም። ግን ቦልትን የተከታተለ ሰው ሳይጨርስ መዝናናት እንደሚወድ ያውቃል፤ ያ ልማዱ ከሌንሱ እኩል ሠርቷል። ይሄ ዘዴ ብዙ ያበላሻል፤ ከ30 አንድ ከወጣላችሁ ደስ ይበላችሁ።

በሌላ ዓመት ጥር 23 ተመልሼ ሄድኩ። ይሄኛውን ጊዜ አልሮጥኩም። ጠዋቱን ካሜራ ሳልከፍት መታጠፊያውን ሳይ ቆየሁ፣ ጀርባዬን ለደቡብ ሰጠሁ፣ ድንጋዬን መረጥኩ። ከ200 የማይበልጥ ፎቶ አነሳሁ። አንዷ ላይ ሸሺው ዞር ብሏል፣ ጋሻው ከፍ ብሏል፣ ዘንጉ አየር ላይ ናት፣ የፈረሱ ጋማ እንደ ነበልባል ቆሟል።

አዛውንቱን ያው ሜዳው ዳር አገኘኋቸው። በደስታ ካሜራውን ወደሳቸው አዞርኩ። ስክሪኑን በእጃቸው ከልለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እንዴት ነው አባቴ?»

«ይሄ የእህቴ ልጅ ነው» አሉ። «እርካቡ ረዝሞበታል። ጠዋት ነግሬው ነበር።»